እብጠቱና ቆቡ

ዶክተሯ ከወንበሯ ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። "ነይ፣ አንቺው እዪው" አለችኝ። እኔ እዚያ ክፍል የገባሁት ለጠብ ነበር። እናቴን ነቀርሳ ይዟታል ብላችሁ ልባችንን ካወለቃችሁት በኋላ አሁን ደግሞ የለባትም ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ላፋጥጣት። አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ማፋጠጥ አይከብደኝም። እሷ ግን አልተቆጣችም። ማይክሮስኮፑን አስተካክላልኝ ከኋላዬ ቆመች።

መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ቀጥሎ ሮዝና ወይን ጠጅ የሆነ ነገር መጣ፤ መካከሉ ወፈር ብሎ ጫፍና ጫፉ የሾለ፣ በየአቅጣጫው የተበታተነ። "እንዝርት መሳይ ሴሎች እንላቸዋለን" አለች። ለእኔ ግን የተነደፈ የበግ ጠጉር ሆኖ ነው የታየኝ፤ እናቴ ልትፈትል ስትል እንቅብ ላይ ቆልላ የምታስቀምጠው ዓይነት። ዶክተሯ ስላይዱን አንሥታ ሌላ አስገባች። "ይሄኛው የሌላ ሰው ነው። ይሄ እውነተኛው ካንሰር ነው" አለችኝ። አየሁት፤ ያው ነው። ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁት፤ አሁንም ያው ነው።

"ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?" አልኳት።

"ለዚህ እኮ ነው ደጋግመን የምናየው" አለች። የእናቴ እብጠት በፈረንጅ አፍ ረጅም ስም አለው፤ ነግራኝ ነበር፣ በቃሌ አልያዝኩትም። የጡንቻ ሽፋን ላይ የሚወጣ ነገር ነው። አንዳንዴ መመታት፣ አንዳንዴ የሥራ ጫና ይቀሰቅሰዋል፤ አንዳንዴም ምክንያቱ አይታወቅም። በሳምንታት ውስጥ ያብጣል፣ ሴሎቹም እንደ ጉድ ይባዛሉ። "ሥጋ ቁስሉን ለመጠገን ሲጣደፍ እንዲህ ይባዛል፤ ካንሰርም ሲስፋፋ እንዲህ ይባዛል። እዚህ መነጽር ሥር ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በዚህኛው ግን ሰው አይሞትም። ሐኪሙ ሳያወጣው የቀረ ካለም ራሱ ይጠፋል" አለችኝ። እንዲህ የሚያታልላቸው ብዙ ነገር እንዳለም ነገረችኝ፤ ተመትቶ የሞተ የጡት ስብ አለ፣ ለዓመታት የከረመ ቁስል ጠርዝ አለ፣ ሁሉም ካንሰር መስለው ይመጣሉ። "የመጀመሪያው ባለሙያም አልተሳሳተም። ይመስላል ነው ያለው፤ ሌላ ሰው ይየው ብሎ ነው ወደ እኔ የላከው።"

ይህን ስትል ጠቡን ተውኩት። እውነቷን ነው። ደብረ ብርሃን ውጤቱን የሰጠኝ ወጣት ሐኪምም "ክፉው ዓይነት ይመስላል፣ ግን ስላይዱን አዲስ አበባ ልከን ሌላ ባለሙያ ይየው" ብሎኝ ነበር። እኔ የሰማሁት ግማሹን ነው። ከዶክተሯ ክፍል ወጥቼ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ያ ለቅሶ የደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

እናቴ የምትኖረው ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ ደጋ መንደር ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ወንድሜ ከጎኗ ጎጆ ሠርቶ ገብሱን ያርሳል፣ በጎቹን ይጠብቃል። እኔ ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። እናቴ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ሸማኔ ባና ይሠራላትና ሞላሌ ገበያ ታወጣዋለች። የእሷ ባና ብርድ አያስገባም ይባላል። ይህን እሷ ራሷ ናት የምትለው፤ ገዢውም አይክድም።

ከገዢዎቿ አንዱ የመርሐቤቴ ሰው ነበሩ። ከዓለም ከተማ ጤፍና ማሽላ ይዘው ይመጣሉ፣ ባና ይዘው ይመለሳሉ። ሚስታቸው አልጋ ላይ ብዙ ከርማ ነው የሞተችው፤ ምግቧን አጉርሰው፣ ገላዋን አጥበው እሳቸው ናቸው ያስታመሟት። ከእናቴ ጋር መጀመሪያ በዋጋ ይጨቃጨቁ ነበር። ከዚያ ጭቅጭቁ እየረዘመ፣ ዋጋው እየተረሳ ሄደ። አንድ ቀን ወንድሜ ቤት ሽማግሌ ላኩ።

ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ስልኩ ውስጥ በእፍረት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። "እናቴን ሊጠይቁኝ! ሴት ልጅ የምድር አባት መሰልኩ እኮ። ልቀመጥ ልነሣ አላውቅም!" ሽማግሌዎቹን "እንመካከርበታለን" ብሎ ሸኛቸው። እናቴ ግን ምክክር አላስፈለጋትም። ከፋሲካ በኋላ በሰማንያ እንጋባለን ብላ ቁርጡን ነገረችን። አገሩ ቆላ ነው ብንላት "ከእንግዲህስ ትንሽ ብሞቅ ምን አለበት?" አለች።

እኔ ደስ አላለኝም። በዚህ ዕድሜዋ ምን ይሉናል አልኩ፤ የተማርኩት እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኔ በፈለግኩ ጊዜ ስሄድ እናቴ በሩ ላይ እንድትቆየኝ ነበር የምፈልገው። ከበሩ ሌላ የትም እንድትሄድ አልፈለግኩም። ይህን ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም።

እብጠቱ የወጣው ገብሱ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከግራ ክንዷ፣ ከክርኗ ዝቅ ብሎ። ስታገባ ለምትገባበት ቤት የሚሆን ትልቅ ባና ጀምራ ጠዋት ማታ ትፈትል ነበር። መጀመሪያ ፍሬ ያህል ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት እንቁላል አከለ። "ኧረ ምን ይሆናል ብለሽ ነው፤ እንዝርቱ ነው የመታኝ" እያለች ብትለምነኝም ጎትቼ ደብረ ብርሃን ወሰድኳት። ሐኪሙ አብዛኛውን ቆርጦ አወጣና ለምርመራ ላከው። እሷ ወደ ቀዬዋ ተመለሰች። ውጤቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም። ለወንድም ይነገራል፣ ለጎረቤት ይነገራል፣ ለንስሐ አባት ይነገራል። ታማሚው ብቻ ነው የማይሰማው። እንደ ጭካኔ አናየውም፤ ተስፋ አስቆርጦ መግደል ነው ብለን ነው የምንፈራው። እኔም ሐኪሙን "ለእሷ እንዳትነግራት" ብዬ ለመንኩት፤ ወንድሜንም አስማልኩት፤ ለንስሐ አባቷም በምስጢር ነገርን። ከዚያ ለመርሐቤቴው ሰው መንገር አለብን ተባባልን። ወንድሜ አፈረ። እኔ ቃል አላጣም ተብዬ እኔው ሆንኩ ተናጋሪ።

ሞላሌ፣ ባና ተራ ጀርባ አገኘናቸው። የገዟቸውን ባናዎች ከምረው በገመድ እያሰሩ ነበር። ነገርኳቸው። ገመዱን ለቀቁትና ክምሩን ተደገፉ።

"እሷ ታውቃለች?" አሉኝ።

"አታውቅም። እርስዎም አደራዎን፣ እንዳይነግሯት።"

"አልነግራትም።" ቀና ብለው አዩኝ። "እንግዲያ ፋሲካን ምን አስጠበቀን? በዚህ ሳምንት ሰማንያውን እንሰር። እኔ ላስታምማት። ማስታመም አውቃለሁ።"

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። ፊቱ ላይ እሺ የሚል ነገር ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔ ግን ቀደምኩት። "አይ፣ ይጨንቃታል" አልኩ። "ምነው ቸኮሉ ብላ ትጠረጥራለች። ከእኛ ከልጆቿ ጋር ትሁን። ባይመጡ ነው የሚሻለው።"

"ባልመጣ ይሻላል?"

"አዎ።"

"ምናልባት ስሜን ጠርታ ብትጠይቅስ?"

"አልሰማንም እንላታለን።"

"እሺ፣ ልጄ" አሉ። ልጅ ናት የምታዝዘው ብለው ነው እሺ ያሉኝ። ገመዱን አንሥተው ማሰሩን ቀጠሉ፤ እጃቸው ግን ቋጠሮውን እየሳተው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በእናቴ ደጅ አልታዩም።

እኛ ደግሞ ደግነት ጀመርን። ወንድሜ በሕይወቱ ውኃ ቀድቶ አያውቅም፤ ጀሪካን ተሸክሞ ከምንጭ ሲመጣ መንደሩ ቆሞ አየው። እናቴ "ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?" አለችው። እኔ በዓል ሳይኖር፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ ብርቱካንና የፈረንጅ ዳቦ ተሸክሜ መመላለስ ያዝኩ። እግሯን ላጥብ ብዬ ተንበረከክሁ። በአንድ ወገን የሚያኮርፋት የነበረው ልጇና በሌላ ወገን የምታዛት ልጇ እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲለሰልሱ ምን ታስብ? ቀና ብላ አየችኝና "ምን ዶልታችሁ ነው?" አለች። ሳቅሁባት። ሳቄ ጥርስ ብቻ ነበር፤ እሷም አይታዋለች።

ስለ ሰውዬው የጠየቀችው አንድ ጊዜ ነው። "የመርሐቤቴው ሰው ገበያ መውጣት ተዉ እንዴ?" አለች ለወንድሜ። "አልሰማንም" አላት፤ በተስማማነው መሠረት። ዳግመኛ አላነሣችውም። የጀመረችውን ትልቅ ባና ጠጉር ግን መፍተል አቆመች።

የዶክተሯ ስልክ የመጣው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። አዲስ አበባ ሄድኩ፣ በማይክሮስኮፑ አየሁ፣ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ለወንድሜ ደወልኩለት። "ነቀርሳ አይደለም! አታላይ እብጠት ነው፣ የቀረውም ራሱ ይጠፋል" ስለው እንደ ሕፃን አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃ "ታዲያ ምን ብለን ነው የምንነግራት?" አለኝ።

ታመሻል ላልተባለች ሴት ድነሻል ማለት እንዴት ይቻላል? ለምን አልነገራችሁኝም ብትል ምን ልንላት ነው? ሰውዬውስ? "ለፋሲካ ስመጣ በአካል፣ ተረጋግቼ እነግራታለሁ" አልኩት። "እስከዚያ ምን ትሆናለች፣ ጤነኛ ናት እኮ" አልኩት። ይህን ስናገር ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር እፎይ ሲል ሰማሁት። እናቴ አትሞትም፤ ቆላም አትወርድም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አገኘሁ። በዚያች ቅጽበት ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ አፍሬም ግን ስልኩን አንሥቼ ለመርሐቤቴው ሰው አልደወልኩም።

በሁዳዴ መካከል መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ለተወሰነ ጊዜ ጠፋ። ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው የወንድሜ ድምፅ ነው።

"ከእንግዲህ እማሆይ በያት" አለኝ።

"ምን?"

"መነኮሰች። ቆብ ደፋች።"

እሷ ለካ ከገባት ቆይቷል። ልጆቿ በአንድ ጊዜ ደግ ሆኑ፣ ያ ሰው በድንገት ጠፋ፤ ሌላ ምን ማለት ሊሆን ይችላል? ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ "ልሞት ነው መሰለኝ፣ ቆቤን ደፍቼ ልሙት" አለቻቸው። እሳቸውም እኛ የነገርናቸውን ያውቁ ነበርና አልከለከሏትም። ስለ ሁለተኛው ውጤት ግን ማንም አልነገራቸውም። ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ቆሞ፣ ለሞተ ሰው የሚደገመው ፍትሐት ተደገመላት፤ የመነኮሰ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ነውና። ወንድሜ እዚያው ነበር። "ልጮኽ ፈለግኩ" አለኝ። "ግን ምን ብዬ? አትሞቺም ብዬ ልጩኽ? ማን ትሞቺያለሽ አለኝ ብትልስ?" ቆሞ ሲያለቅስ ሰዎች መንፈሳዊ እንባ መስሏቸው ትከሻውን እየዳበሱት ሄዱ።

ለፋሲካ ስደርስ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ እኔ እንደፈለግኩት። ቆቡ ከነጠላዋ ሥር ግንባሯን ይዟል፣ ፊቷ ጠቁሮ ጠቦ ነበር። ወንድሜ እማሆይ ይላታል፣ ጎረቤቱ እማሆይ ይላታል። እኔ እማዬ አልኳት።

ገና ሳልቀመጥ እጅጌዋን ሰበሰበች። "እዪ ይህን" አለችኝ። ክንዷ ላይ የቀዶ ጥገናው መስመር ብቻ ነበር። ተርፎ የነበረው እብጠት የለም። በጣቴ ብጫነውም የለም። "ቆቡን ከደፋሁ ወዲህ እያየሁት ቀለጠ። እናንተ የደበቃችሁኝን እግዚአብሔር አወቀልኝ።" ፈገግ አለች። "የንስሐ አባቴም ለሰው ሁሉ ይመሰክራሉ። የማርያም ሥራ ነው ይላሉ።"

እንዴት ያለ መውጫ ተከፈተልኝ! ዝም ብል ሁሉም ነገር ያምራል። እሷ ተአምር አገኘች፣ መንደሩ ተአምር አገኘ፣ እኔም ጥፋቴ ተሸፈነልኝ። እውነቴን ነው የምለው፣ ዝም ልል ነበር። አፌን ዘግቼ ዳቦውን መቁረስ ጀምሬ ነበር።

እሷ ግን ቀጠለች። "ያን ሰው አልተቀየምኩም" አለች። "ሚስታቸውን ብዙ አስታምመዋል፤ ሁለተኛ በሽተኛ ሲሉ ደከማቸው። ሰሙና ሸሹ። ሰው ነው፣ ይሸሻል። እግዚአብሔር ግን አልሸሸኝም።"

ዳቦው እጄ ላይ ቀረ። ስለ እኔ ክፉ ብታስብ እችለዋለሁ። ስለ እሳቸው እንዲህ እያሰበች ልትኖር ነው ማለት ግን አንጀቴን ቆረጠው።

"አልሸሹም፣ እማዬ" አልኳት።

ነገርኳት። ከማይክሮስኮፑ ጀመርኩ፤ ከሰውዬው መጀመር ስለፈራሁ። ሁለት ስላይድ እንዳየሁ፣ ሁለቱም የተነደፈ ጠጉር እንደመሰሉኝ፣ የእሷ ግን ሥጋዋ ራሱን ሲጠግን የሠራው እብጠት እንደነበረ፣ ቆቡን ሳትደፋ በፊት ይህን እንደማውቅ ነገርኳት። የመጨረሻዋን ነገር ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

ክንዷን አየች። በሌላው እጇ መስመሩን ዳበሰችው። "እና እኔን ከምን ነው የፈወሰኝ?" አለች።

"ሥጋን ሲፈጥር ራሱን እንዲጠግን አድርጎ የፈጠረው እሱ አይደለም እንዴ..." ማለት ስጀምር እጇን አነሣች።

"አትስበኪኝ። እዚያ ደብረ ብርሃንሽ አስተምሪ።" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ሰውዬውስ?"

"ላስታምማት ብለው ነበር። በዚያው ሳምንት ሰማንያ እንሰር አሉ። እኔ ነኝ እንዳይመጡ የነገርኳቸው።"

"የት ሆነው ነው እንዲህ ያሉት?"

"ሞላሌ፣ ባና ተራ ጀርባ።"

"ቃላቸው ምን ነበር? እንዳለ ንገሪኝ።"

"'እኔ ላስታምማት፣ ማስታመም አውቃለሁ' አሉ።"

"ሌላስ?"

"'እሷ ታውቃለች?' ብለው ጠየቁ። ሌላ የለም። ገመዱን ሲያስሩ እጃቸው ይስት ነበር።"

ሩቅ አገር ሰው የሞተበት ዘመድ የመጨረሻ ቃሉን እንደሚጠይቅ ነበር የምትጠይቀኝ። ሁሉንም ካስነገረችኝ በኋላ እጅጌዋን መለሰችው። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። "እማዬ" አልኳት፣ "ቆቡን እኮ..." አላስጨረሰችኝም።

"ዝም በይ! በእግዚአብሔር ፊት የገባሁት ቃል ነው። እናንተ ስለ ዋሻችሁ እኔም ልዋሽ?" ቆቧን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግንባሯ ዝቅ አደረገችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከቆይታ በኋላ "መታመሜን ልትነግሪያቸው ሮጠሽ ሄደሻል" አለችኝ። "መዳኔንም አንቺው ሄደሽ ንገሪያቸው። መርዶዬን እየጠበቁ መኖር የለባቸውም። ቆቡንም ንገሪያቸው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ።"

ሄድኩ። አውቶቡስ እየቀያየርኩ፣ የጀማን ሸለቆ ወርጄ ወጥቼ ዓለም ከተማ ስደርስ መሽቶ ስለነበር አንድ ማረፊያ አደርኩ። ጠዋት ሳይወጡብኝ ልድረስ ብዬ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ሰው ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ፣ አንኳኳሁ። በዚያ ሰዓት ሳይጠራ የሰው ደጅ የሚያንኳኳ ምን ይዞ እንደሚመጣ የመንዝ ልጅ ሆኜ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሲያዩኝ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አሉና ግድግዳውን ያዙ።

"መቼ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም፣ አይደለም! ደህና ናት። ድናለች። ነቀርሳም አልነበረም።"

አልገባቸውም። ደጋግሜ ተናገርኩት። ቀስ በቀስ ሲገባቸው መደብ ላይ ቁጭ አሉ፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው "ተመስገን፣ ተመስገን" አሉ። ከመደቡ ላይ የእናቴ ባና ተነጥፏል፤ ጥቁርና ነጩን አፈታተሉን አውቀዋለሁ። ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች። ፊታቸውን ሲገልጡት ወጣት መስለው ነበር። "እንግዲህ..." ብለው ጀመሩ። "እንግዲህ ፋሲካውም አልፏል፤ የምን..."

ከዚህ በላይ እንዲሄዱ መፍቀድ አልቻልኩም። "ቆብ ደፍታለች" አልኩ።

በውጭ የአውቶቡስ ረዳት ለአዲስ አበባ ተሳፋሪ ይጣራል። እሳቸው እጃቸውን ባናው ላይ አድርገው ጠጉሩን በአውራ ጣታቸው ያሹታል።

"ልሞት ነው ብላ?"

"አዎ።"

"አለመታመሟን እናንተ ስታውቁ?"

"እኔ አውቅ ነበር። እሷ ግን አልተነገራትም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እንዲቆጡኝም ፈልጌ ነበር። "እኔ ላስታምማት ማለቴን እማሆይ ያውቃሉ?" አሉኝ።

"አሁን ነግሬያታለሁ።"

"ከቆቡ በኋላ።"

"ከቆቡ በኋላ።"

"ፍትሐቱ ሲደገም ብዙ ሰው ነበር?"

"ወንድሜ ነበር። መንደሩም ነበር።"

ዓይናቸውን ከባናው ላይ አላነሡም። "ለቀብር እንኳን ሰው ይጠራል" አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ተጣርተው፣ ከሩቅ የመጣች እንግዳ ናት፣ ቁርስ አቅርቢላት አሉ። ቀረበልኝ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ብዪ፣ ብዪ ይሉኛል፤ እኔም በላሁ።